እስከ እማዬ አልጋ ያቀደው ቦረቦር

ትናንት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አምሽቶ፣ እኔም ስገላበጥ አምሽቼ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ቀስ ብሎ አልወሰደኝም። እጄን ጎትቶ አንድ የተገለበጠ አገር ውስጥ ወረወረኝ።

ሕልሙን ከመጀመሬ በፊት ግን ቦረቦሩን ላስተዋውቃችሁ። ጓሯችን ነው ያለው። ከሁለት ክረምት በፊት ዶሮ የምትዘለው ቦይ ነበር። አሁን በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም። መጀመሪያ የጎመን መደባችንን በላ። ቀጥሎ ሽንት ቤቱን ከነ በሩ ዋጠው። ዘንድሮ እማዬ የምትተኛበት ግድግዳ ሥር ደርሶ ቆሟል፤ ቆሟል ስል ዝናብ እስኪመጣ ነው። እማዬና እኔ ከወንዝ ድንጋይ እየተሸከምን አፉ ላይ እንከምራለን። ግን ምን ያደርጋል፣ የእኛ ክምር ለእሱ አንድ ጭብጥ ቆሎ ነው። እኔ መናኸሪያ ቆሎ ስለምሸጥ ጭብጥ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ማንንም አያጠግብም።

የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው አቶ ልየው አምና መጥተው ቦረቦሩን አይተውታል። ፎቶም አንሥተውታል። "ይሄማ በሽቦና በድንጋይ ካልታሰረ ቤቱን ይዞት ይሄዳል" ብለው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ጫማቸውን በእኛ ውኃ አጥበው ሄዱ። ትናንት ቢሮ ድረስ ሄጄ "ጋሼ፣ እማዬ ግድግዳ ሥር ደረሰ እኮ!" ስላቸው "አይዞሽ፣ በጀቱ ተፈቅዷል። ሰኔ ሳያልቅ መሠራት አለበት። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል" አሉኝ። ነገ ጠዋት! እንግዲህ በዚህ ደስታና በዚያ ዝናብ መሀል ነው የተኛሁት።

በሕልሜ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሰልፍ ነው። ከደጃችን ተነሥቶ በወፍጮ ቤቱ ይዞርና ገበያውን አልፎ ጫፉ አይታይም። የተሰለፉት በሙሉ የቢሮ ሰዎች ናቸው። ከረባት ያሰሩ አሉ፣ ማኅተም ያቀፉ አሉ፣ ቆመው መቆየት ስላልለመዱ አንዱ ሌላው ትከሻ ላይ የተኙም አሉ። አንዳንዱ ወረፋ ለመያዝ ጫማውን መሬት ላይ ትቶ ሄዷል። ወረፋ ማስያዣ የሚሆን ድንጋይ እንኳን በከተማው አልነበረም።

አውራ ዶሯችን በሩ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል።

"ማንን ፈለጋችሁ?" አለ በአንድ ዓይኑ እያየ።

"እመቤት አንጓችን" አለ ከፊት የቆመው። አቶ ልየው ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

"ስብሰባ ላይ ናቸው" አለ ዶሮው። አንጓች እኔ ነኝ፤ እዚያው አጠገቡ ቆሜ ጥፍሬን እየበላሁ ነበር።

"እመቤቴ፣ በእናትዎ!" አለ አቶ ልየው እኔን አንቱ ብሎ። እኔ ደግሞ እሱን አንተ ማለት እንዳለብኝ ወዲያው ገባኝ። "ሰኔ ሊያልቅ ነው። ይሄን በጀት ዛሬ ካልተቀበሉን ይበላሽብናል።" በጀቱን የወተት ጣሳ ውስጥ ይዞታል። ክዳኑን ከፈት ሲያደርገው ከአሁኑ መቆምጠጥ ጀምሯል፤ ሰልፈኛው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

"እሺ፣ እቀበላለሁ። አንድ መኪና ድንጋይ አምጣልኝ" አልኩት።

"ድንጋይ?"

"ድንጋይ አለች" ተባባሉ ከኋላ። "ድንጋይ ነው ያለችው? አቤት አቤት!"

"ድንጋይ የለንም። ኮፍያ አለን" አለ አቶ ልየው።

"ኮፍያ ምን ይሠራልኛል?"

"'ቦረቦርን በጋራ እንከላከል' የሚል ጽሑፍ አለበት።"

"ታዲያ ለቦረቦሩ ላጥልቅለት?"

"ጃንጥላም አለ። ስልጠናም አለ። ሻይና ብስኩት ያለው ስልጠና!"

"ነገ ተመለስ" አልኩት።

ወይ ጉድ! ነገ ተመለስ ማለት ለካ እንዲህ ይጣፍጣል! ምላሴ ላይ ቀለጠልኝ። ደገምኩት። "ነገ ተመለሱ፣ ሁላችሁም!" ከስድስተኛ ክፍል ባልወጣ ኖሮ ይሄን ቀን ሙሉ እያልኩ ደመወዝ እበላ እንደነበር ታሰበኝና ቆጨኝ። ዶሮው "መስኮት ተዘግቷል!" ብሎ ጮኸ፣ መስኮት ባይኖረንም። ሰልፈኛው ማልቀስ ጀመረ።

ያን ጊዜ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ሰው ቆሎ ሲቆረጥም የሚሰማው ዓይነት ድምፅ።

ሮጬ ገባሁ። እማዬ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። "እማዬ፣ ተነሽ!" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቅኩት። ገለበጥኳት። ትተነፍሳለች እንጂ አትነሣም። በጓሮ በር ወጣሁ።

ቦረቦሩ ቁጭ ብሎ ይበላል። መነጽር አድርጓል። የበላው የሽንት ቤታችን በር ጭኑ ላይ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶለታል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አልኩ። የሚውጣችሁን ነገር ማክበር ጥሩ ነው።

"አብሮ ይስጥልን፣ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ። አይ፣ ተይው አትግቢ።"

"ጋሼ፣ ትንሽ ቢያርፉስ? እማዬ እዚህ ግድግዳ ሥር ነው የተኛችው።"

"አውቃለሁ እንጂ! የዓመቱ ዕቅዴ እኮ እስከ እናትሽ አልጋ ነው።" መነጽሩን አስተካከለ። "ሰኔ ሳያልቅ አልጋው ጋ ካልደረስኩ ዝናቤን ይቀሙኛል። ለሌላ ቦረቦር ይሰጡታል።"

"ምን ባደርግልዎ ነው የሚቆሙት?"

ቦረቦሩ ማላመጡን ተወ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጭቃ ነበር። "ድንጋይ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አንድ መኪና ድንጋይ ብጎርስ ድርቅ ብዬ እቀመጥ ነበር። አፈር ሰለቸኝ፣ ልጄ። ሪፖርት ላይ ሦስት ጊዜ ተደፍኛለሁ ታውቂያለሽ? አንብቤዋለሁ። ደስ ብሎኝ አንድ ቀን ሙሉ ጠግቤ ዋልኩ። ማታ ላይ ግን ሆዴን ብዳብሰው ባዶ።"

"እኔ አመጣልዎታለሁ! ብቻ አልጋው ጋ አይድረሱ።"

"ፍጠኚ እንግዲህ። እኔ በቃሌ አለሁ፣ ዝናቡ ግን የራሱ አለቃ አለው።" ይሄን ብሎ አንድ ጉርሻ ከግድግዳው ሥር ቆረሰ። የእማዬ አልጋ ሲንቀጠቀጥ በግድግዳው በኩል ሰማሁት።

ሮጥኩ። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ነበር የሚዘንበው፤ ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው የምሮጠው። መናኸሪያው ጋ ስደርስ ሰዎቹ ሚኒባሱን በትከሻቸው ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። ሚኒባሱ ከላይ ሆኖ "ጠጋ ጠጋ በሉ! ገና ሁለት ሰው ይገባል!" እያለ ይቆጣቸዋል።

"ወዴት ነሽ፣ ቆንጆ?" አለኝ።

"ድንጋይ ፍለጋ!"

"ድንጋይ ተራራው ላይ ነው። ዛሬ ግን በዓል አለ፤ ተከላ ነው። ነይ፣ ከታች ግቢና ተሸከሚኝ።"

ትከሻዬን ከሥሩ እንዳስገባሁ ተራራው ላይ ነበርኩ።

ተራራው ላይ ድንኳን ተጥሏል። ከድንኳኑ ሥር ዛፎች በወንበር ተቀምጠዋል፣ ሁሉም አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰዋል። ዋንዛው የክብር እንግዳ ነው፤ ለብቻው ሶፋ ተሰጥቶታል። ባሕር ዛፉ ማይክ ይዞ ያወራል፣ በየመሀሉ ደግሞ የእንግዳውን ሁሉ የታሸገ ውኃ እያነሣ ይጨልጣል። ማንም አልተቆጣውም።

"አሁን ወደ ተከላው እናልፋለን!" አለ ባሕር ዛፉ።

ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ነበር። ዛፎቹ የቢሮ ሰዎቹን አንድ በአንድ እየያዙ እስከ ወገባቸው ተከሏቸው። እያንዳንዳቸው ከወገብ በታች እንደ ችግኝ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልለዋል። ዋንዛው አንዱን ራሱን እየዳበሰ ቁልቁል ገፋው፣ ካሜራ ሲመጣም ፈገግ አለ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ ምሳ ተባለ። ዛፎቹ ሥሮቻቸውን እየጎተቱ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

"ላስቲኩን!" ብለው ጮኹ የተተከሉት። "ኧረ ላስቲኩን አውልቁልን! ሥር አንሰድም እኮ!"

"አውቀን ነው" አለ ባሕር ዛፉ ከመኪናው መስኮት። "ላስቲኩ ካለ ለከርሞ ስንነቅላችሁ አትጎዱም። ያው እናንተኑ ነው ደግመን የምንተክለው።"

መኪናው አቧራ አልብሷቸው ሄደ። ተራራው ሙሉ ሰው እስከ ወገቡ ተተክሎ ቀረ። አንዱ ፍየል እንዳትበላው ፍየሏን አንቱ እያለ ይለማመጣል። አንዱ ገና ከአሁኑ ጠውልጓል፤ ከረባቱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከመሀላቸው አቶ ልየውን አየሁት።

"እመቤቴ! አንጓችዬ! እኔን ያውቁኛል አይደል?"

"አንተ ደግሞ መቼ ደረስክ? ወረፋህን ለማን ተውክ?"

"ለጫማዬ። እባክዎን ላስቲኬን ያውልቁልኝ። እግሬ ተጣጥፎ አንገቴ ላይ ሊደርስ ነው።"

"ድንጋዩ የት እንዳለ ንገረኝና።"

"ያውልቁልኝና ልንገርዎ።"

"ንገረኝና ላውልቅልህ።"

እንዲህ ስንባባል ከሩቅ፣ ከእኛ ቤት በኩል፣ ያ የመቆርጠም ድምፅ መጣ። ክርክሩን ትቼ መሬቱን በእጄ ቆፈርኩና ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። እግሩ እውነትም እንደ ጥምጣም ተጠምጥሞ ነበር። ዘረጋው። "እፎይ" አለ። ጣቶቹን አፈር ውስጥ ሲያወዛውዛቸው ዓይኑን ጨፈነ።

"ድንጋዩ!" አልኩት።

"ስልጠና ላይ ነው" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "አዳራሹ ውስጥ። ያለውን ድንጋይ በሙሉ ስልጠና አስገብተነዋል።"

አዳራሹ በር ላይ ፍየል ቆማለች። ኮፍያ አድርጋለች፤ ከጎኑ ትንሽ በልታለች።

"የተጋበዝሽ ነሽ?"

"ድንጋይ ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ዝም ብለሽ ግቢ፣ ሰልጣኞቹን እንዳትረብሺ።"

ገባሁ። ወንበሩ ሁሉ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። ትልቁም ትንሹም፣ ክቡም ጠፍጣፋውም፣ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ውኃና ብስኩት ተቀምጦለታል። መድረኩ ላይ አህያ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ ያስረዳል። ሥዕሉ የእኛ ጓሮ ነው። የጎመን መደባችን ነበር፣ ሽንት ቤታችን ነበር፣ ጥግ ላይ እማዬ ልብስ ስታሰጣ ትታያለች።

"ቦረቦር ምንድን ነው?" አለ አህያው።

"ቦረቦር ቦረቦር ነው!" አሉ ድንጋዮቹ አንድ ላይ።

"በጣም ጥሩ። ሻይ እንውጣ።"

"ሻይ የለም!" ብዬ ጮኽኩ። "እናንተ ሰዎች! ማለቴ እናንተ ድንጋዮች! ሥዕሉን ትታችሁ ኑ! እናቴ ተኝታለች፣ ግድግዳው ሊሄድ ነው!"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ድንጋይ ሲያያችሁ ይከብዳል።

"ተግባራዊው ክፍል ለሚቀጥለው ዓመት ነው" አለ አህያው በትሕትና። "ዘንድሮ ንድፈ ሐሳቡን ነው የያዝነው።"

"ስንት ጊዜ ሆናችሁ እዚህ ከተቀመጣችሁ?" አልኩት አጠገቤ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ።

"እኔ እንጃ፣ እህቴ። ስገባ ተራራ ነበርኩ።"

ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ከመጨረሻው ረድፍ "አንጓች!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጎኗ የተቦደሰ ትልቅ ድንጋይ ተነሥታ ቆማለች። አወቅኳት። ከወንዝ እስከ ቤት ስሸከማት ሁለት ጊዜ የጣለችኝ ናት፤ እሷን ተሸክሜ ሳምንት ሙሉ አንገቴን ማዞር አልቻልኩም ነበር።

"ትከሻሽ ዳነልሽ?" አለችኝ።

"ድኗል። አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ከእኛ ክምር አይደለሽም እንዴ?"

"መጥተው ወሰዱኛ። 'ልምድ ያላት ድንጋይ ናት፣ ልምዷን ታካፍል' ብለው።" ብስኩቷን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። "ለመሆኑ እማማ አለች? ያን ወገቧን ያመማት ነበር።"

"ተኝታ አትነሣልኝም!"

"እንሂድ" አለች። ለሌሎቹም ዞራ "እናንተስ? እስከ መቼ ነው ብስኩት የምታዩት? አፍ እንኳን የላችሁ!" አለቻቸው።

ድንጋዮቹ ተያዩ። አንዱ ተነሣ። ሌላው ተነሣ። ወንበሮቹ ተንጫጩ። አህያው "ሰልጣኞች! የቡድን ፎቶ ሳንነሣ?" እያለ ሲለምን፣ ፍየሏ በሩን ልትዘጋ ስትሞክር፣ ያቺ የተቦደሰችው ድንጋይ ገፍታት ወጣች። ቁልቁለቱን ተያያዝነው። እኔ እሮጣለሁ፣ እነሱ ከኋላዬ ይንከባለላሉ፤ ከተማው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሳቄ መጣ። ደረስን፣ ደረስን! የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ታየኝ። የእኛ ቆርቆሮ ታየኝ።

ያኔ የቢሮዎቹ ደወል በሙሉ ባንዴ ጮኸ።

"ሰኔ አለቀ!" አለ አንድ ድምፅ ከሰማይ።

የቢሮዎቹ በርና መስኮት ሁሉ ተበረገደ። ያልተከፋፈለው ኮፍያ ወጣ። ያልተዘረጋው ጃንጥላ ወጣ። ባነሩ፣ ብስኩቱ፣ ቲሸርቱ፣ አጀንዳው፣ የኮመጠጠው በጀት ከነጣሳው፣ ሁሉም እንደ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ መጣ። ኮፍያ እስከ ጉልበቴ ደረሰ፣ እስከ ደረቴ ደረሰ። ድንጋዮቹን እያነሣ ወሰዳቸው። እየተንሳፈፉ ሄዱ! ድንጋይ በኮፍያ ላይ ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። ያቺን የተቦደሰችውን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኳት።

"አትልቀቂኝ" አለችኝ።

"አልለቅሽም!"

ግን ብስኩቱ እጄን አዳለጠው። ሄደች።

ጎርፉ ጓሯችን ላይ ጣለኝ። ግድግዳው የለም። ግድግዳው በነበረበት የእማዬ አልጋ በሁለት እግሩ አፋፍ ላይ ቆሟል፣ ሁለቱ እግሮች አየር ላይ ናቸው። እማዬ እጇን ትራስ አድርጋ ተኝታለች። አውራ ዶሯችን የአልጋውን ልብስ በአፉ ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ክንፉን እያራገበ።

ቦረቦሩ መነጽሩን አወለቀ። "ይቅርታ፣ ልጄ" አለ። "እኔ ጠብቄሽ ነበር።" አፉን ከፈተ። አልጋው ዘንበል አለ።

"እማዬ!"

"አቤት! እዚህ ነኝ፣ ምን ያስጮኽሻል? ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀስሽው እኮ።"

ዓይኔን ገለጥኩ። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ላስቲክ ጫማዋን ታጠልቃለች። ግድግዳው አለ። ከግድግዳው ሥር ግን፣ ትናንት ድፍን ጭቃ በነበረበት በኩል፣ እንደ እጅ የሚሰፋ የጠዋት ብርሃን ይገባል። እማዬ እንዳየሁት አየችና ቀዳዳውን በጆንያ ሸፈነችው።

ያን ጊዜ ነው ከውጭ የመኪና ድምፅ የሰማሁት። ከባድ መኪና።

"እማዬ፣ መጡ! መጡ!" በባዶ እግሬ ዘልዬ ወጣሁ።

የጭነት መኪና ነው፣ በሸራ የተሸፈነ። ሦስት ሰዎች ከላዩ ወረዱ። ሸራውን ገለጡት። ሁለት ረጃጅም የብረት እግር ያለው አረንጓዴ ታፔላ ነበር። ሌላ ምንም የለም። አወረዱና ቦረቦሩ አፍ ላይ አቆሙት። "በአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ተደፍኖ የለማ ቦረቦር" ይላል። ከጽሑፉ ጎን አቶ ልየው ችግኝ ይዘው ይስቃሉ። የችግኙ ላስቲክ አልወለቀም።

"ድንጋዩስ?" አልኩት አንዱን ሰውዬ።

"የምን ድንጋይ?"

"ቦረቦሩን የሚደፍነው!"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ። ለእኛ የተጫነልን ታፔላው ነው። ሰኔ ሳያልቅ ካልቆመ በጀቱ ይመለሳል አሉን።"

ታፔላውን ለቀቅ ሲያደርጉት ወደ ጎን ዘመም አለ። መሬቱ ጭቃ ነው፣ እግሩን አልይዝ አለ። ሰውዬው ዙሪያውን ተመለከተና የእኛን ክምር አየ። ፊቱ በራ።

"እሰይ! እዚሁ አለ አይደል እንዴ! ይሄን ድንጋይ ለታፔላው እግር እንውሰደው፣ እህቴ?"

እማዬ በአጠገቡ አልፋ ሄደችና ክምሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ያቺ ጎኗ የተቦደሰችው ድንጋይ ላይ። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ ታፔላው በምን ይቁም?" አለ ሰውዬው ሁለት እጁን ዘርግቶ።

"አቶ ልየውን ትከሏቸው" አልኩት። "ላስቲኩን ግን አውልቁላቸው።"